ቡናማው ሳይለቅ

በላብራቶሪው «ማጥለያዋ» ሲባል ማን እንደሆነች የማያውቅ የለም። ቅጽል ስሙን ያወጡላት የሥራ ባልደረቦቿ ናቸው፤ እሷም ቅር አላላትም፤ እንዲያውም ደስ ይላት ነበር። ሥራዋ መዳብ ማስቀረት ነው። ለዓይን ሌንስ የሚሆነው ፕላስቲክ ሲሠራ፣ ፕላስቲኩ የሚገነባባቸው ረቂቅ ክሮች እኩል እንዲረዝሙ ትንሽ መዳብ ይገባበታል። ሥራው ካለቀ በኋላ ግን መዳቡ እንግድነቱ አብቅቷል፤ ውጣ ነው የሚባለው። መዳብ ያለበትን ሌንስ ማን ዓይኑ ውስጥ ያስገባል?

መጀመሪያ የብልቃጡን ክዳን ከፍታ አየር ታስገባበታለች። ቡናማው ፈሳሽ ቀስ እያለ አረንጓዴ ይሆናል። ከዚያ ነጭ ዱቄት በተሞላ የመስታወት ቱቦ ታሳልፈዋለች፤ አረንጓዴው መዳብ ዱቄቱ ላይ ተጣብቆ ይቀራል፣ ከታች ጠብ የሚለው ጥርት ያለ ነው። ቡናማው ሳይለቅ የቸኮለ ሰው ግን መዳቡ ሾልኮ ያመልጠዋል።

ይህን ሁሉ ለታናሽ እህቷ ያስተማረቻት ራሷ ናት። ያስቀጠረቻትም ራሷ ናት። ታዲያ ነገሩ ባጎረስኩ እጄን ተነከስኩ ሆነ፤ ልጅቷ ባለሙያ ሆና አረፈችው። ቱቦ ስትሞላ ዱቄቱ አይሰነጠቅባትም፤ ፕላስቲኩም ብዙ አይባክንባትም። ኬሚስቶቹ ብልቃጣቸውን ይዘው በማጥለያዋ ጠረጴዛ አጠገብ እያለፉ ታናሿን ፈልገው «ሚጢጢ የለችም?» ማለት ጀመሩ። ምሳ ላይ ሚጢጢ ስትቀልድ ቤቱ በሳቅ ይሞላል። ማጥለያዋም ትስቃለች፤ አንጀቷ ግን እያረረ ነው። «ንፍጧን የጠረግኩላት ልጅ!» ትላለች በሆዷ። ድካም ነው፣ ንዴት ነው ብላ ራሷን ልትሸነግል ሞክራ ነበር። ቅናት ነው።

አንድ ቀን አለቃው ሁለቱንም ጠራቸው። «ማጥሪያ ክፍሉ ኃላፊ ያስፈልገዋል፤ ከሁለታችሁ አንዳችሁ ናችሁ። ያው አንድ ፈሳሽ ነው፣ እኩል አካፍዬ እሰጣችኋለሁ። የማን እንደሚጠራ እናያለን» አለ።

ማጥለያዋ የራሷን ገና አየር እያስገባችበት ሳለ ሚጢጢ ብልቃጧን ይዛ መጣች።

«እትዬ፣ እስቲ እይልኝ። ወደ አረንጓዴ ዞሯል አይደል?»

ማጥለያዋ ብልቃጡን ወደ መስኮቱ አነሳችው። ከላይ አረንጓዴ ነው። ከሥሩ ግን ቡናማው አልለቀቀም። ትንሽ ቢቆይ ይበቃው ነበር። ኃላፊ የምትባለው ግን አንዷ ናት።

«ዞሯል፤ አፍስሺው» አለቻት።

የተጣራው ፈሳሽ ሲደርቅ የሁለቱም ፕላስቲክ ነጭ ሆኖ ወጣ። የሚጢጢ በዛ ያለ ስለነበር ኬሚስቶቹ አጨበጨቡላት፤ አለቃውም ኃላፊነቱን ሊሰጣት ምንም አልቀረውም። ሳምንቱ ሳያልቅ ግን በሚጢጢ ጠርሙስ ውስጥ ያለው ፕላስቲክ እንደ ዛገ መዳብ አረንጓዴ አወጣ። የማጥለያዋ እንደነጣ ነው።

«ምን ነካሽ?» አለ አለቃው። «ሳይዞር ነው ያፈሰስሽው? አንድ ሰው እንኳ አላሳየሽም?»

ማጥለያዋ ወደ እህቷ አየች። አሁን ስሟ ሊጠራ ነው።

«ማንንም አላሳየሁም። ቸኩዬ ነው» አለች ሚጢጢ።

አለቃው የክፍሉን ቁልፍ ለማጥለያዋ ሰጣት። ሁለቱ እህቶች ብቻቸውን ሲቀሩ ሚጢጢ ወደ መታጠቢያው ሄዳ ቱቦዋን ማጠብ ጀመረች።

«ለምን አልነገርሽውም?» አለቻት ማጥለያዋ። «አይቼልሽ አልነበር?»

«ምን ብዬ? እህቴ አሳሳተችኝ ልበል?» ሚጢጢ ቀና ብላ ፈገግ አለች። «የሰው ዓይን ይደክማል፣ እትዬ። ተይው። ደግሞ ኃላፊነቱ ለአንቺ ነው የሚገባው፤ ደስ ብሎኛል።»

የምሯን ነበር፤ ፊቷ ላይ ይታያል። ማጥለያዋ እውነቱን ልትነግራት ብላ ተወችው። እስከዛሬ የቀናችው በእህቷ ሙያ፣ በቀልዷ፣ በሰው ዘንድ በመወደዷ ነበር። አሁን ቁልፉን ይዛ ቆማ፣ ሚጢጢ ለሌላ ሰው እንደዚህ ደስ ሊላት በመቻሏ ቀናችባት፤ ከበፊቱ ሁሉ ይልቅ ይሄ አመማት።