ውሃው የሚወጣበት በኩል

ሃያ ዓመት ሙሉ ሐይቁ ላይ በታንኳ ዓሣ ሳሰግር ውሃ አልገባብኝም። የገባብኝ ቤት ከሠራሁ በኋላ ነው። ሰው ይስቅብኛል ብዬ ይህን አላወራም ነበር። አሁን ቤቴ ስለደረቀ እጽፈዋለሁ። የሚስቅ ይሳቅ።

ቤቱ ሐይቅ ከተማ፣ ዳገቱ ላይ ነው። ሁለት ክፍል አለው። ከኋላ ባለችው በመኝታችን ላይ ቆርቆሮ አላለበስኩም፤ ሶሌታ አስሞላሁ፣ ማለት በብረትና በሲሚንቶ የተሠራ ጠፍጣፋ ጣሪያ። ላዩ ሰገነት እንዲሆነኝ ነው። ዕድሜዬን ውሃው ላይ ነበርኩ፤ ውሃ ላይ ያለ ሰው ግን ሐይቁን አያይም፣ የሚያየው መረቡን ነው። የእስጢፋኖስ ገዳምን ደን፣ ዳር ዳሩን ያለውን እርሻ፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን ተራራ፣ ሁሉንም ባንድ ጊዜ ከላይ ተቀምጬ ማየት አማረኝ።

ሚስቴ "ቤት የሚሠራው ለማየት ነው ወይስ ለመተኛት?" አለችኝ። አልሰማኋትም። አለመስማት እችልበታለሁ።

ጥፋቱ የተሠራው ሲሚንቶው በተሞላበት ቀን ነው፤ የሠራሁትም እኔው ነኝ። ግንበኛው ውሃ ልኩን አስቀምጦ አየና "ጋሼ፣ ተዳፋቱ ወደዚያ ወደ ታችኛው ግቢ ይሁን። ውሃ የሚያውቀው ቁልቁል ነው" አለ። ታችኛው ግቢ የጎረቤቴ ነው።

"አይሆንም። ወደ እኔ ግቢ ይፍሰስ።"

"ወደ እርስዎማ ዳገት ነው። ውሃው ከፊተኛው ክፍል ግድግዳ ጥግ ይተኛል።"

"የምትሠራው ለእኔ ነው ለእሳቸው?"

እንዳልኩት ሠራው። ምን ያድርግ።

ጎረቤቴ ሐጂ ናቸው፤ ጨርቅ ሲነግዱ ኖረው አሁን እቤት የተቀመጡ ሽማግሌ። ከብዙ ዓመት በፊት የአሮጌው ቤቴ ጠፈጠፍ በግድግዳቸው ላይ ሲወርድ ከርሞ ጭቃውን አጠበው። ሐጂ ሽማግሌ ሰበሰቡና "ከዛሬ ጀምሮ የዚህ ሰው ውሃ አንዲት ጠብታ ግቢዬ እንዳትገባ" አሉ። ጥፋተኛው እኔ ነበርኩ፤ ይኸው የባሰ አናደደኝ። ጠፈጠፉን አነሣሁ፣ ሰላምታውንም አብሬ አነሣሁት። ከዚያ ወዲህ ለቅሶ ቤት እንኳ ስንገናኝ እሳቸው ባንዱ ጫፍ፣ እኔ በሌላው ጫፍ እንቀመጣለን። እንግዲህ ሶሌታውን ያጣመምኩት ለዚህ ነው። አንዲት ጠብታ አሉ፤ አንዲት ጠብታ አያገኟትም አልኩ።

የመጀመሪያው ክረምት ገባ። ውሃው ግንበኛው እንዳለው ግድግዳው ጥግ ተኛ፤ ከዚያ ሲሚንቶው ውስጥ መንገድ ፈልጎ አልጋችን ራስጌ ላይ ጠብ፣ ጠብ ማለት ጀመረ። እንደ ታንኳ ሬንጅ አቅልጬ ደፈንኩት። ባንዱ ስደፍነው በሌላው መጣ። በሁለተኛው ክረምት ላስቲክ አነጠፍኩበት፤ ላስቲኩን ነፋስ ወሰደው። ግድግዳው ሻገተ። ሚስቴ ደረቷን ያፍናት ጀመር። በፊተኛው ክፍል እንዳትተኛ መረብና ዓሣ ሞልቶበታል፤ ሽታው ለእሷ ደረት ሌላ ጠላት ነው። ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። መድኃኒት ሰጧትና "ቤቱ ካልደረቀ ግን ይህ ዋጋ የለውም" አሉን።

በዚያው ክረምት እኩሌታ ላይ ልብሷን ቋጥራ አምባሰል እህቷ ዘንድ ልትሄድ ተነሣች። በሩ ላይ ቆማ "ውሃው ሲወጣ እኔ እገባለሁ" አለችኝ። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

መስከረም ሲጠባ ደወልኩላት። "ደርቋል፣ ነይ።"

"በበጋማ ሁሉም ቤት ደረቅ ነው" አለችኝ።

ይህን ስሰማ ነው የፈራሁት። እህቷ ባል የሞተባት ናት። ሁለት ሴቶች፣ የማያፈስ ቆርቆሮ፣ የሚጨቃጨቅ ወንድ የለ። ሌላ ክረምት እዚያው ከከረመች እንደማትመለስ ገባኝ። እኔ ብሆን አልመለስም።

በሚያዝያ ከደሴ ሰው አመጣሁ፤ ጣሪያ ላይ ውሃ ማገጃ የሚያነጥፍ። እንደ ምንጣፍ የተጠቀለለ ወፍራም ጥቁር ነገር ነው፤ ሆዱን በጋዝ እሳት እያቀለጡ ወለሉ ላይ ይለጥፉታል። ሰውየው ሰገነቱ ላይ ወጣና አንድ ባልዲ ውሃ ደፋ። ውሃው ተንሸራቶ ግድግዳው ጥግ ሄዶ ቆመ።

"አባባ፣ ይህን እንዳለ ባነጥፍልዎ አንድ ክረምት ያታልልዎታል" አለኝ። "የተኛ ውሃ ሁሉን ይበሳል። መጀመሪያ ተዳፋቱን ልገልብጠው፤ ውሃው ወደዚያ ይውጣ።" በጣቱ የሐጂን ግቢ አሳየኝ።

"ወደዚያ አይወጣም።"

"እንግዲያው አልጋዎ ላይ ይወርዳል" ብሎ ዕቃውን ይሰበስብ ጀመር።

"አንድ ሦስት ቀን ታገሠኝ" አልኩት።

ሄጄ መናገር አቃተኝ። አፌን አውቀዋለሁ፤ ለልመና ስከፍተው ስድብ ይቀድማል። ስለዚህ ደብዳቤ ልጽፍ አሰብኩ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ጢሜ ከሸበተ በኋላ ነው፣ በጎልማሶች ትምህርት፣ ጉልበቴ የማይገባበት የሕፃናት ወንበር ላይ ተቀምጬ። በየግድግዳው የማየው ጽሑፍ ድሮ ትልቅ ነገር የሚናገር ይመስለኝ ነበር። ማንበብ ስችል ለካ "እዚህ መሽናት ክልክል ነው" ይላል። ቢሆንም ጽሑፍ አንድ ደግ ነገር አለው፣ አይጮኽም። ሁለት ቀን ፈጅቶ ጻፍኩት፤ አጠፍኩትና በሐጂ በር ሥር አሾለክሁት።

በማግስቱ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። ስከፍት ሐጂ ናቸው፤ በአንድ እጅ ከዘራ፣ በአንድ እጅ ወረቀቴ።

"ይህን አንብብልኝ" አሉኝ።

"እኔ እኮ ነኝ የጻፍኩት።"

"እኔ በምን አውቄ? የቀራሁት ቁርዓን ነው፤ የአማርኛውን ከቁጥሩ በቀር አላውቀው። ልጆቼ ደሴ ናቸው። ከሰፈሩ የሚያነብ ማነው ብል አንተን ጠሩልኝ። በል፣ የጻፈ ያነባል።"

ወረቀቱን ተቀበልኩ። እኔ ሳነብ ጣቴን ከፊደሉ ሥር አስኬዳለሁ፤ ካለዚያ መስመሩ ይጠፋብኛል። እዚያው በሩ ላይ ቆሜ ጀመርኩ።

"'ለጎረቤቴ ለሐጂ። እኔ ከእርስዎ ምንም ጠይቄ አላውቅም። አሁን ሚስቴ ከቤት ወጥታለች። ያስወጣት ውሃ ነው። ውሃው በእርስዎ በኩል ካልወጣ እሷ አትገባም።'" እዚህ ስደርስ ቆምኩ። ቀጥሎ ያለውን መስመር ዘለልኩና "'ስለዚህ ፈቃድዎን እለምናለሁ'" ብዬ ጨረስኩ።

ሐጂ ከዘራቸውን ወረቀቱ ላይ አሳረፉ። "ጣትህ ከዚህ ተነሥታ እዚህ ገባች። መሐል ያለውስ?"

"ምንም አይደል።"

"እኔም ስቀራ በጣቴ ነው። ጣት ስትዘል አያመልጠኝም። ምንም ካልሆነ አንብበው።"

ውሸት አላውቅበትም፣ እሱም አንዱ ክፋቴ ነው። አነበብኩት። "'እርስዎ ክፉ ሰው ቢሆኑም፣ ለእሷ ሲሉ።'"

ሐጂ አንገታቸውን ደፉ፤ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። አስለቀስኳቸው ብዬ ደነገጥኩ። ለካ ሳቅ ነው።

"ያ ረቢ! እየለመነ የሚሰድብ! ወላሂ እንዲህ ያለ ልመና ሰምቼ አላውቅ። 'ቢሆኑም' ይለኛል! አንቱ እያልክ ክፉ አደረግከኝ!"

"አንዲት ጠብታ እንዳትገባ ያሉት እርስዎ ነዎት።"

"ያኔማ ግድግዳዬ ጭቃ ነበራ! ብሎኬት ካደረግኩት ስንት ዓመቴ! አጥር ለአጥር እየኖርክ አላየህም? ግድግዳው ተለውጧል፣ አንተ ያንኑ አሮጌ ቂም ይዘህ ተቀምጠሃል።"

አላየሁም ነበር። ሰገነቴ ላይ በወጣሁ ቁጥር ዓይኔ በራሳቸው ላይ አልፎ ሐይቁ ላይ ያርፋል። ከሥሬ ያለውን ግድግዳ አንድ ቀን አላየሁትም።

"ቧንቧው በሳምንት አንዴ ነው የሚመጣ" አሉ ሐጂ፣ ሳቃቸው እንደ በረደ። "ከሶላት በፊት ለውዱእ መታጠቢያ ውሃ በጀሪካን ነው የማስመጣ። አንተ ደግሞ አላህ ከሰማይ የሰጠህን የሚስትህን አልጋ ታጠጣለህ። ወደዚህ ልቀቀው። በርሜል እደቅንበታለሁ።"

ይቅር በሉኝ ማለት ነበረብኝ። "ቱቦው ወፍራም ነው የሚሆነው" አልኩ።

"ወፍራም ይሁን" አሉና ከዘራቸውን አንሥተው ሄዱ። ጥቂት እንደራቁ ዞር ብለው "አብሽር፣ ትመጣለች" አሉኝ። በሩን ዘግቼ ለደሴው ሰው ደወልኩለት።

ሰውየው ተዳፋቱን በአዲስ ሲሚንቶ ገለበጠው። በደንብ እስኪደርቅ ጠብቆ ጥቁሩን ጥቅል አነጠፈ፤ ዳር ዳሩንም ግድግዳው ላይ አንድ ክንድ ያህል ሽቅብ አጥፎ ለጠፈው። ሐጂ ታች በርጩማ ላይ ተቀምጠው ያዝዙ ነበር።

"ያች ጥግ አልያዘችም!"

"ሐጂ፣ ከታች ሆነው በምን አዩዋት?"

"ሽታዋ አላማረኝም!"

ሲያበቃ መውጫ ቱቦውን በጨርቅ ደፈነና ሰገነቱን ውሃ ሞላበት። "ሁለት ቀን ይቁም። ካላፈሰሰ አያፈስም" አለ።

እኔ ደግሞ የታንኳ ሰው ብልሃት አለኝ። ታንኳ ስንጠግን ገና ውሃው ዳር ተንሳፍፎ ሳለ ሆዱ ውስጥ የተነፋ ደረቅ አመድ እንበትናለን። ዓይን የማያየውን እርጥበት አመድ ያሳብቅበታል፤ ወዲያው ይጠቁራል። አልጋውን ወደ ፊተኛው ክፍል አወጣሁና የመኝታ ክፍሉን ወለል ከጥግ እስከ ጥግ አመድ አለበስኩት። ከዚያ እየገባሁ እየወጣሁ በሩ ላይ ቆሜ አያለሁ። አንድ ቀን ሙሉ ነጭ። በሁለተኛው ቀን ከበሩ ደፍ አጠገብ ሦስት ጥቁር ነጥብ አየሁ። ተንበረከክሁ፤ ቀና ብዬ ጣሪያውን አየሁ፣ ደረቅ ነው። አጎንብሼ ነጥቡን ልነካ ስል አራተኛው ጠብ አለ። ከግንባሬ።

ሐጂ በሩ ላይ መጥተው ያዩኝ ነበር። "ቤቱስ ደርቋል። የምታፈሰው አንተ ነህ" አሉኝ።

ሰውየው ውሃውን ለቀቀና ጥቅሉን ፀሐይ እንዳይሰነጥቀው ላዩን ስስ ሲሚንቶ አልብሶልኝ ሄደ። ለሚስቴ ደወልኩ። ነገርኳት። "ባልዲ ዝናብ አይደለም" ብላ ዘጋችው። አመዱን ሳልጠርገው ተውኩት፤ ደፉ አጠገብ የነበሩት ነጥቦችም ደርቀው ነጡ።

የሐምሌው ዝናብ መጣ፤ ሐይቁን ከዓይን የሚሰውረው ዓይነት። ቱቦው ያገሳል። ሐጂ ከአጥር ወዲያ "ሞላ! ሌላ በርሜል!" ይላሉ፤ እኔም ተሸክሜ ወሰድኩላቸው። ዝናቡ ሦስት ቀን አላባራም። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ባጃጅ በሬ ላይ ቆመ። ሚስቴ ወረደች፣ ጃንጥላዋን እንደዘረጋች። ሳትነግረኝ፣ ዝናቡን መርጣ ነው የመጣችው። እኔን በዓይኗ ሰላም ብላ በቀጥታ ወደ መኝታው ሄደች።

"አንተ ሰውዬ! ቤቴን አመድ አደረግከው?"

ምን እንደሆነ ነገርኳት። ጫማዋን አውልቃ ገባች። ድሮ አልጋችን ራስጌ በነበረበት ቆመች። ላያችን ላይ ዝናቡ ይወርዳል። ጣሪያውን አየች፣ ጥጉን አየች፣ ግድግዳውን በመዳፏ ዳበሰችው። ከዚያ በአፍንጫዋ አየር ሳበች፣ ረጅም፣ ሳትስል። እኔ የራሴን ትንፋሽ ይዤ ነበር። ጎንበስ ብላ ከጥጉ አመድ ቆነጠረችና በጣቶቿ አሸችው። እንደ ዱቄት በነነ።

"መጥረጊያው የት ነው?" አለች።

"እኔ እጠርገዋለሁ።"

"አንተማ ደረቴ ላይ ታቦንነዋለህ። ውሃ አምጣ፣ መጀመሪያ ይረጭበት።"

ቧንቧው ከሄደ ሳምንቱ ነው። ጆግ ይዤ በዝናቡ ውስጥ ወደ ሐጂ ግቢ ወረድኩ።

"ሐጂ፣ ትንሽ ውሃ።"

"ከዚህ ግቢ?" አሉ ከበረንዳቸው ሳይነሡ። "አንዲት ጠብታ!" ከዚያ በከዘራቸው ወደ ሞላው በርሜል አመለከቱኝ። "መጣች?"

"መጣች።"

"አልሐምዱሊላህ። ቅዳ።"

ቀዳሁና ተመለስኩ። ሁለት ክረምት ሙሉ ከዚያ ክፍል ውሃ ስጠርግ የኖርኩ ሰው በገዛ እጄ ውሃ ረጨሁበት። እሷ ጠረገች። ከዚያ እሷ ከራስጌው፣ እኔ ከግርጌው ይዘን አልጋውን መለስነው።