ያልተለካው ግቢ

በመንገድ ዲዛይን ቢሮው ውስጥ ሁሉም «ጠጋኟ» ይሏታል። እርሳስና ማስመሪያ ይዛ የተቀጠረች፣ ኮምፒውተር ሲመጣ ደግሞ ከልጆቿ እኩዮች ጎን ቁጭ ብላ የተማረች ሴት ናት። ቀያሾች ከሜዳ ለቅመው ያመጧቸው ነጥቦች ስክሪኗ ላይ በሦስት ማዕዘን እየተያያዙ ኮረብታና ሸለቆ ይሆናሉ፤ ነጥብ በጎደለበት ግን መሬቱ ይቀደዳል። ያንን መድፈን የእሷ ሙያ ነው። ባሏ «የቤታችን ጣሪያ እያፈሰሰ የሰው መሬት ትጠግናለች» እያለ ይቀልድባታል።

አንድ ቀን ያገኘችው ቀዳዳ ጠርዙ እንደ አጥር ቀጥ ያለ ነበር።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለችው ቀያሹን።

«የአንዲት አሮጊት ግቢ ነው። ውሻ ለቀው አባረሩን። ከውሻውና ከሳቸው ማን እንደሚብስ እስካሁን አልለየንም።»

አለቃዋ ከኋላዋ ጎንበስ ብሎ አየ። «ፕሮግራሙ ራሱ ይሙላው። ነገ እናስረክባለን፣ አታካብጂ።»

«መሙላቱንስ ይሞላዋል፤ ከአጥር እስከ አጥር ሜዳ አድርጎ። ውስጡ ጎድጓዳ ከሆነ ግን የመንገዱን ጎርፍ ቤታቸው ልንለቅባቸው ነው።»

አለቃው አገጩን አሻሸ። «በይ ሂጂ። ከሰዓት በኋላ ግን እዚህ እንድትገኚ።»

አሮጊቷ ጠጋኟንና ቀያሹን በሩን ሳይከፍቱ ተቀበሏቸው። «ደግሞ መጣችሁ? የተለካ መሬት ለባለቤቱ አይሰነብትም!»

«እማማ፣ ልንወስድ አልመጣንም። ካልለካነው ኮምፒውተሩ ግቢዎን ሜዳ ነው ይላል።»

«ማን አባቱ ነው ሜዳ ያለው? ዝናብ ሲጥል ከማድ ቤቴ ጀርባ ዳክዬ ያስዋኛል!»

«እሱን እኮ ነው የማያውቀው። የመንገዱን ቦይ ወደዚያው ይለቀዋል።»

ከበሩ ወዲያ የመወርወሪያ ድምፅ ተሰማ። ጥቂት ቆይቶ በሩ ገርበብ አለና አንድ እጅ ብቅ አለ።

«ያን የመለኪያ ዘንግ ወዲህ በይ። ሰው አይገባም፤ የምይዘው እኔ ነኝ።»

ቀያሹ ሊስቅ ሲል ጠጋኟ በዓይኗ ገሠጸችው። መስተዋት የታሰረበትን ዘንግ በሁለት እጇ አቀብላ፣ መስተዋቱን አነጣጥሮ የሚለካውን መሣሪያ ከፍ ካለው መንገድ ዳር ተከለች።

«ቀጥ ያድርጉት እማማ! ጋደል ብሏል!»

«የጋደልኩት እኔ ነኝ፣ ወገቤን ጠይቂው!»

አሮጊቷ እየተማረሩ፣ ግን አንድም ጥግ ሳይዘሉ ግቢውን ዞሩት። ከማድ ቤቱ ጀርባ ሲደርሱ ወደ ታች ወረዱ፣ ወረዱ፤ በመጨረሻ ከአጥሩ በላይ የሚታየው ዘንጉ ብቻ ሆነ። የቀያሹ ሳቅ ጠፋ።

ቢሮ ተመልሳ ነጥቦቹን ስታስገባ ቀዳዳው ተዘጋ፤ የተዘጋው ግን ወደ ውስጥ ሰርጉዶ ነው። አስቀድሞ የተነደፈው ቦይ አፉን የከፈተው ልክ እዚያ ላይ ነበር። አለቃው መጥቶ ቆሞ ሲያይ ቆየ። ከዚያ ማውሱን ከእጇ ተቀብሎ ቦዩን ራሱ አጠፋው።

«አዲሱን አንቺ አስምሪ» አላት። «ለምን ዘገያችሁ ተብሎ የሚመጣውን ቁጣ እኔ እችለዋለሁ።»

ወንበሯን አስጠግታ፣ ውሃውን ከመንገዱ ማዶ ወዳለው ወንዝ ወሰደችው።