አባ ነጎድ፣ አባ ከልል

ባለፈው ሰኞ ከሐሙሲት ወደ ደብረ ታቦር በሚኒባስ ስመጣ፣ ከኋላዬ የተቀመጡ ተማሪዎች የመሳፍንቱ ዘመን ውጊያ አገር ሠራ ወይስ አፈረሰ እያሉ ይከራከሩ ነበር። ሐሳቤ ከጉና ሥር ወዳለችው የመጀመሪያ ትምህርት ቤቴ ይዞኝ ሄደ።

የታሪክ መምህር ሆኜ በደረስኩበት ዓመት ገበሬዎቹ አዋጥተው የወፍጮ ሞተር ገዙ። የጫነው መኪና ግን ዳገቱን መውጣት አቃተውና ሞተሩን ወንዙ ዳር አራግፎ ተመለሰ። ግንቦት እያለቀ ነበር፤ ነፋሱ የእርጥብ አፈር ሽታ ይዟል። ወንዙ ከሞላ ሞተሩን ይወስደዋል፤ ሴቶቹም እንደገና እህል አዝለው ግማሽ ቀን ሊጓዙ ነው።

የጎደለው ጉልበት አልነበረም። የመንደሩ ሁለት ወገኖች፣ የላይ ቤትና የታች ቤት ሰዎች፣ በአንድ ገመድ አንጎትትም አሉ። ቅድመ አያቶቻቸው ለተለያዩ ጌቶች ተዋግተዋል፤ የላይ ቤት በጌታው የፈረስ ስም በአባ ነጎድ፣ የታች ቤት በአባ ከልል ይፎክራል። የላይ ቤቱ አቶ ሙላት፣ የአባ ከልል ልጆች ከኋላ ይሁኑ፣ ለመሸሽ ቁልቁለቱ ይቀርባቸዋል ብለው ተሳለቁ።

ማስረዳት እወዳለሁና ድንጋይ ላይ ወጣሁ። የመሳፍንቱን ዘመን የዘጋው ንጉሥ ጋፋት ላይ ያሠራውን መድፍ፣ ትናንት እርስ በርሱ ሲዋጋ የነበረው የየአገሩ ሰው በየጠፍሩ ሆኖ እንደጎተተው ተረክሁላቸው። እናንተም በየመጫኛችሁ ጎትቱ አልኳቸው። ተስማሙ። ሞተሩን ከግንድ በተሠራ ሸርተቴ ላይ አስረን ሁለት የቆዳ መጫኛ ቀጠልንበት።

እስከ ዳገቱ ወገብ በፉክክር ከነፈ። መታጠፊያው ላይ ግን ሁለቱም በየራሳቸው ቀረርቶ፣ በየራሳቸው ምት ሲስቡ ሸርተቴው ወደ ገደሉ ዞረ። የታች ቤቱ መሪ አቶ ዋሴ የራሳቸውን ቀረርቶ አቋረጡ። ከዚያ የላይ ቤቱን ምት ተቀብለው፣ «አባ ነጎድ» አሉ።

ወገኖቻቸው ደነገጡ፤ ግን ተቀበሏቸው።

«ቅድመ አያትህን የገደለውን ነው የምትጠራው?» አሉ አቶ ሙላት፣ እየሳቡ።

«አውቃለሁ። ጎትት እንጂ። ከመታጠፊያው በላይ የእኔን ትጠራለህ።»

ሸርተቴው ተቃና። አቶ ሙላትም ከመታጠፊያው በላይ በገዛ አፋቸው «አባ ከልል» ብለው አወጡ፤ ከሁለቱም ወገን መልስ መጣላቸው፤ የሴቶቹ እልልታ ሸለቆውን ሞላው። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሞተሩ ከዳገቱ በላይ ካለው ሜዳ ደረሰ። ጠላና የገብስ ቆሎ ቀረበ፤ ማን ከማን ጎን እንደተቀመጠ የሚለይ አልነበረም።

ዘንድሮ እዚያው ደርሼ ነበር። ልጆች ገመድ ሲጎትቱ በሁለቱም ጫፍ «አባ ነጎድ አባ ከልል» ይላሉ። አንዷን ልጅ፣ አባ ነጎድ አባ ከልል ማን ነው ብዬ ጠየቅኋት።

«የአገራችን ጀግና ነው» አለችኝ።

ሁለት ሰዎች እንደነበሩ፣ በጦር እንደተፈላለጉም አውቃለሁ። ሰው የራሱን ጀግና ከጠላቱ ጀግና ጋር እንዲህ በአንድ ትንፋሽ ሲጠራ ነው አገር የሚሆነው መሰለኝ። አላረምኳትም።