እግዚአብሔር ይመስገን ማለት በላሁ ማለት አይደለም

ረቡዕ ዕለት ነበር፤ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሩብ ገደማ። ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ ባሕር ዳር ሆስፒታል በነርስነት ከተመደብሁ ስድስተኛ ሳምንቴ ነው። ኃላፊዋ ነርስ ስብሰባ ሄዳለች፤ በዚያ ዘመን ስብሰባ የሌለበት ሳምንት አልነበረም። ሐኪሙ ደግሞ ቀዶ ጥገና ክፍል ገብቷል። በወንዶች ክፍል ለተኙት አሥራ ሁለት በሽተኞች የቀረሁት እኔ ነበርሁ፤ ድምፄ ከሁለት አልጋ ወዲያ የማይሰማው።

የማስታገሻ መርፌ በትሪ ይዤ ወደ አንድ የቀበሌ ሊቀ መንበር እየሄድሁ ነበር። ሰውየውን የኩላሊት ጠጠር ይዟቸዋል። ሕመሙ ሲነሳባቸው ጩኸታቸው በመስኮቱ ወጥቶ ሐይቁ ዳር ያሉትን ወፎች ያስበረግጋል። በጩኸቱ መካከልም አብዮቱ ለእሳቸው የሚሆን መርፌ አጥቶ እንደሆነ ይጠይቁኛል።

መንገዴ ላይ የኔታ ተኝተዋል። ከሐይቁ ደሴቶች በአንዱ ዜማ የሚያስተምሩ ሽማግሌ ናቸው፤ በስኳር በሽታ እግራቸው ቆስሎ በታንኳ ነበር የመጡት። ቀኑን ሙሉ የአልጋውን ብረት በጣታቸው እየመቱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያዜማሉ። ክፍሉ ለምዷቸዋል፤ ዝም ሲሉ እንኳ «ምነው የኔታ?» የሚል አይጠፋም።

ከእሳቸው አጠገብ ከናዝሬት መጥቶ ፋብሪካ የተቀጠረ፣ እግሩ በጀሶ የታሰረ ወጣት ነበር። ሳልፍ ቀሚሴን ያዝ አደረገና፣

«ሲስተር፣ የየኔታ ሸክላ ተቧጭሯል» አለኝ። «ከቅድም ጀምሮ መርፌው አንዲት ቦታ ላይ ቆሟል።»

ሳቅሁና አለፍሁ። ሁለት እርምጃ ብቻ። መርፌ የምትለው ቃል ግን አልለቀቀችኝም። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ የየኔታን የኢንሱሊን መርፌ የወጋሁት እኔ ነኝ። ከመውጋቴ በፊት ቁርሳቸውን በልተው እንደሆነ ጠይቄያለሁ። እሳቸውም «እግዚአብሔር ይመስገን» አሉኝ። እኔም ካርዱ ላይ «በልተዋል» ብዬ ጻፍሁ። ቀኑ ረቡዕ ነው። አባቴ ረቡዕና ዓርብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ እንኳ አይቀምስም። የተማርሁት ነገር የማውቀውን አስረስቶኛል።

ተመለስሁ። የየኔታ ግንባር በላብ ተጠምቋል፤ እጃቸው ቀዝቅዟል፤ ጣታቸው ብረቱን እየሳተ አየሩን ይመታል። የት እንዳሉ ስጠይቃቸው ያቺኑ አንዲት «ሃሌ ሉያ» ግማሽ ድረስ አዜሙልኝና እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ።

ሊቀ መንበሩ ይጮሃሉ። በትምህርት ቤት ከበሽተኞች ማን እንደሚቀድም በቃሌ አጥንቻለሁ፤ የተቧጨረ ሸክላ ግን ደብተሬ ውስጥ አልነበረም። ቢሆንም ነገሩ ግልጽ ነበር። ጠጠሩ ያሠቃያል እንጂ ሩብ ሰዓት ይታገሣል፤ ኢንሱሊን በባዶ ሆድ ስኳሩን ያሟጠጠበት አንጎል ግን አይታገሥም። የኔታ ትንሽ ከቆዩ ራሳቸውን ይስታሉ፤ ከዚያ በኋላ ላይነቁ ይችላሉ።

የግሉኮሱ ቁም ሣጥን ተቆልፏል፤ ቁልፉ በኃላፊዋ ኪስ ስብሰባ ሄዷል። ስኳር ደግሞ በራሽን ካርድ ከቀበሌ ሱቅ የሚገኝ ነገር ነው። በክፍሉ ውስጥ ስኳር ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ማን እንደሆነ መናገር አያስፈልገኝም።

ሊቀ መንበሩ ሲያዩኝ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ትሪውን አስቀምጬ ኮመዲኖአቸውን ከፈትሁ። ጩኸታቸውን ረስተው አፈጠጡብኝ።

«ጓድ ሊቀ መንበር፣ ትንሽ ይታገሡኝ» አልሁ።

«አይዞዎት ጓድ» አለ የፋብሪካው ልጅ ከወዲያ። «ስኳርዎ ተወርሶ ነው።»

ብርጭቆ ውስጥ ስኳሩን በውኃ በጥብጬ ወደ የኔታ ስቀርብ ግን ከንፈራቸውን ገጠሙ። ሁሉ ነገር የተምታታባቸው ሰው ጾማቸውን አልረሱም፤ ሰዓቱ አልደረሰም አሉ። ማንኪያውን ባስጠጋሁ ቁጥር ፊታቸውን ወደ መስኮቱ ያዞራሉ። ያን ጊዜ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በሽማግሌ ላይ ድምፄን ከፍ አደረግሁ።

«የኔታ፣ በባዶ ሆድዎ የወጋሁዎት እኔ ነኝ። ጾሙንም የማስፈታዎት እኔ ነኝ፤ ኃጢአቱ በእኔ ይጻፍ።»

አዩኝ። ከዚያ አፋቸውን ከፈቱ። በመጀመሪያ መዋጥ መቻላቸውን ለማየት አንዲት ማንኪያ ሰጠሁ፤ ዋጡ። ቀስ እያልሁ ብርጭቆውን አስጨረስኋቸው። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ «ሸሚዜን ማን አረጠበው?» ብለው ጠየቁኝ። አስከትዬ ዳቦ አበላኋቸው። ትንሽ ቆይተው ዜማቸውን ያዙ፤ ያቺን ቦታ አልፈው እስከ መጨረሻው ዘለቁ።

«ሸክላው ተገለበጠ» አለ ልጁ።

ሊቀ መንበሩም መርፌያቸውን ተወጉ። ለበላይ አካል አመለክትብሻለሁ እያሉኝ እንቅልፍ ወሰዳቸው።

ኃላፊዋ ስትመለስ ማንም ሳይነግርብኝ እኔው ነገርኋት። ካርዱን አነበበች። ትቆጣኛለች ብዬ አንገቴን ደፍቼ ጠበቅሁ።

«እዚህ አገር ሰው እየሞተም እግዚአብሔር ይመስገን ይልሻል» አለችኝ። «አጠያየቅሽን ለውጪ።»

በማግስቱ ሐሙስ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ የየኔታን መርፌ በትሪ ይዤ ሄድሁ። እንደምን አደሩ አልሁ፤ እግዚአብሔር ይመስገን አሉ። ከዚያ ምንም አልጠየቅሁም። ዳቦአቸውንና ሻያቸውን ፊታቸው አድርጌ በርጩማ ስቤ ተቀመጥሁ። ነገሩ ገብቷቸው ሆን ብለው ቀስ እያሉ አላመጡ።

«ስንቱን ስፈትን ኖሬ ዛሬ ተፈታኝ ሆንሁ» አሉኝ።

አፈርሁ፤ ግን አልተነሳሁም። የመጨረሻዋን ጉርሻ ሲውጡ አይቼ መርፌውን አነሳሁ።