ስድስቱ ቀይ ብሎኖች

ሰውየውን ጋራዡ ውስጥ በስሙ የሚጠራው የለም። «ጋሽ ቱግ» ነው የሚሉት፤ ቱግ ለማለት ምክንያት አይፈልግማ! ቁልፍ ከቦታው ከጠፋ ቱግ፣ ዝናብ ከጣለ ቱግ፣ ዝናቡ ከቀረ ደግሞ በአቧራው ቱግ። ሥራው ግን እንከን አይወጣለትም። ሞተር ሲያዳምጥ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ብሎን ሲያጠብቅ ጥርሱን ይነክሳል። አጥብቆ የጨረሰውን ብሎን ሁሉ ደግሞ ከሚስቱ በሰረቀው ቀይ የጥፍር ቀለም አናቱን ነካ ያደርገዋል። «ቀይ ካየህ አትንካ፤ እኔ ጨርሼዋለሁ ማለት ነው» ይላል። እንዲህ የሚያደርግ ሌላ መካኒክ በአካባቢው የለም፤ ልሞክር ቢልም ሚስቱ አትፈቅድለትም።

ታናሽ ወንድም አለው። ነገሩን ሁሉ ቀስ ብሎ ስለሚሠራ ቀሴ ይሉታል። ሃያ ዓመት አንድ ጋራዥ ውስጥ አብረው ሠርተዋል፤ ከተኳረፉ ግን ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ያጣላቻቸው የአንድ አናጺ አሮጌ ፒካፕ ናት። ፍሪሲዮኗ በቀሴ እጅ ተቀይሮ በወጣች ማግስት እየተንቀጠቀጠች ተመለሰች። ጋሽ ቱግ በሩ ላይ ቆመና አናጺው እየሰማ፣ ጋራዡ በሙሉ እየሰማ፣ «አንተ እጅ የለህም! ውጣልኝ!» ብሎ ጮኸበት። ቀሴ ወጣ፤ አናጺውም ተቆጥቶ ፒካፗን እንደምትንቀጠቀጥ ይዟት ሄደ። ከዚያ ወዲያ መካኒክ ብሎ የቀጠረው የለም፤ የገዛ ወንድሙ እጅ የለህም ያለውን ሰው ማን ይቀጥራል? አሁን አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ የስፌት መኪና ይጠግናል።

ባለፈው ሰኞ ጠዋት ያችው ፒካፕ ጋራዡ በር ላይ ቆመች። አናጺው አርፏል፤ የምትነዳት ሥራውን የያዘችው ልጁ ናት።

«ጋሼ፣ ዳገት ላይ ሞተሩ ይጮኻል እንጂ አትሄድም። መንቀጥቀጡማ ድሮም አለባት። ሞተሩ አልቆለታል እያሉኝ ነው።»

«ማነው እንደዚያ ያለሽ?»

«ሦስት ጋራዥ።»

«ሦስት ጋራዥ ሙሉ ደንቆሮ!» አለና ዘሎ ገባ። ማርሽ ሳያስገባ ነዳጅ ሰጣት፤ ተንቀጠቀጠች። ፍሪሲዮኑን ረግጦ ደገማት፤ ያው ነው። ካንዴላዎቹን አንድ በአንድ ነቅሎ አየ፤ ንጹሕ ናቸው። ሞተሩ የተቀመጠባቸውን ጎማዎች ፈነቃቀለ፤ ከሦስቱ ደንቆሮዎች አንዱ አዲስ አድርጓቸዋል።

«ቆማም የምትንቀጠቀጥ ከሆነ ችግሩ ከእግሯ አይደለም» አላት። «ከሞተሩ ጋር አብሮ የሚሽከረከር ነገር ሚዛኑን ስቷል። ዳገት ላይ የሚያንሸራትታት ደግሞ የፍሪሲዮኑ ሸራ ነው፤ አልቋል። ለሁለቱም ካምቢዮውን ማውረድ ነው። አየሽ፣ የዚያን የወንድሜን ጉድ ዘጠኝ ዓመት ቆይቼ እኔው ላጽዳለት!»

ልጅቷ አዲስ ሸራና ኩሽኔታ ፈልጋ አመጣች። ሸራውን የሚጫነው ክዳን ግን ለእንዲህ ያለች አሮጊት አይገኝም፤ ያው የድሮው ይመለሳል። ጋሽ ቱግ ከሥር ተንጋሎ የዛጉትን ብሎኖች ሲታገል፣ ዝገቱ ዓይኑ ውስጥ ሲገባ፣ በአንድ ብሎን አንዴ ወንድሙን እየረገመ ካምቢዮውን አወረደ። ከዚያ መብራቱን አስጠጋ።

ቀሴ አንድ ልማድ ነበረው። ክዳኑን ከመፍታቱ በፊት በክዳኑና ክዳኑ በሚታሰርበት ከባድ ክብ ብረት ላይ ትይዩ ነጥብ ይመታል። ሁለቱ አብረው የተመዘኑ ናቸውና ነጥብ ለነጥብ ካልገጠሙ መኪና ያንቀጠቅጣሉ። ነጥቦቹ አሁንም አሉ፤ ግን በአንድ ብሎን ቀዳዳ ተላልፈዋል።

«አየሽ? አየሽ ልጄ? ራሱ ምልክት አድርጎ ራሱ ሳተው! እጅ የለህም ስለው ውሸቴን ነበር?»

ልጅቷ ጎንበስ ብላ አየች። «ጋሼ፣ ብሎኖቹ ላይ ያለው ቀይ ነገር ምንድን ነው?»

ጋሽ ቱግ አንዱን ብሎን በጨርቅ ጠረገው፤ ቀይ። ሁለተኛውን ጠረገ፤ ቀይ። ስድስቱም ቀይ ናቸው።

ፍሪሲዮኑ የተቀየረበትን ያን ቀን አስታወሰ። የቀሴ ሚስት ምጥ ይዟት ስልክ ተደውሎ ነበር። ቀሴ ቱታውን እያወለቀ፣ «ሸራውን ቀይሬዋለሁ፤ ክዳኑ ብቻ ነው የቀረው። ነጥቡን አይተህ ግጠም» አለው። «አታስተምረኝ!» ብሎ መለሰለት። ክዳኑን ሲገጥም ነጥቡን ዞር ብሎ አላየውም። በማግስቱ ቀሴ ሁለት ጊዜ «እኔ እኮ...» ሊል ሲጀምር በጩኸት አቋረጠው።

ጨርቁን ወርውሮ የዕቃ ሳጥኑን በእግሩ ለጋው። «አንተ አህያ! አንተ የማትረባ!»

ጥግ ላይ ብረት የሚበይደው የጋራዡ በያጅ ጭንብሉን ገለጥ አድርጎ ሳቀ። «ዛሬ ደግሞ ማንን ነው፣ ጋሽ ቱግ?»

«ራሴን!»

ስድስቱን ብሎኖች ፈታቸው፤ በኪሱ ከቶ በግሪስ እጁ የወንድሙ ክፍል ድረስ ሄደ። ሰላም ሳይል ብሎኖቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፋቸው። ቀሴ አንዱን ገለበጠና ቀዩን አየው። አልተገረመም።

«ታውቅ ነበር?»

«ያልገጠምኩትን አላውቅም?»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ነግሬህ ነበር! ስትጮህ መቼ ትሰማለህ!» ያ ለዘብተኛ ሰው ጠረጴዛውን በቡጢ መታው። «ዘጠኝ ዓመት! ልጄ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አባትሽ መካኒክ ነበር ስላት ትስቃለች!»

«ይቅር በለኝ።»

«እዚህ? እዚህ ማን ይሰማሃል፣ የስፌት መኪናዎቹ? ያዋረድከኝ በር ላይ ሄደህ በል። በዚያው ድምፅህ።»

ቀሴ ብሎኖቹን ሰብስቦ ኪሱ ከተተ፤ አብረው ወደ ጋራዡ ሄዱ። ጋሽ ቱግ በሩ ላይ ቆመ።

«ያኔ የሳትኩት... እኔ ነኝ» አለ አጉተምትሞ።

«አልተሰማም!» አለ ቀሴ።

«ክዳኑን የገጠምኩት እኔ ነኝ።»

«አልተሰማም!»

«እጅ የሌለኝ እኔ ነኝ!» ብሎ ጮኸ። «ወንድሜ አይደለም! እኔ አጥፍቼ እሱን አባረርኩት!»

በያጁ ብየዳውን አቆመ። ልጅቷ መብራቱን እንደያዘች ቀረች።

ቀሴ ወንድሙን ሳያይ አልፎ ገባ። ፊቱ አሁንም እንደከሰለ ነው። ከፒካፗ ሥር ገብቶ አዲሱን ሸራ በእጁ ዳበሰ፣ ክቡን ብረት ጠረገ፣ ሸራውን ቦታው ላይ አስቀመጠ። ከዚያ ወጣና ስድስቱን ብሎኖች በጋሽ ቱግ መዳፍ ላይ አደረጋቸው።

«ክዳኑ ብቻ ነው የቀረው» አለው። «ነጥቡን አይተህ ግጠም።»

«እሺ» አለ ጋሽ ቱግ።