ኖኤ ቀበቶውን ያጣው እኛ ቤት ለቅሶ ተቀምጦ ነው

ኬት ዛሬ ጠዋት ደውላ «ኖኤ ሞተ» ስትለኝ «የቱ ኖኤ?» አልኳት።

በአላህ፣ እንደዚህ ነው ያልኳት። ሌላ ኖኤ የማውቅ ይመስል። ሴትዮዋ ባሏን ነው እየነገረችኝ ያለችው።

አባቱ ታመው ሊያስታምም ሜክሲኮ ሄዶ ነበር። እዚያ ወጣቶች እያሠለጠነ ሳለ ደረቱን ያዝ አድርጎ ወንበር ላይ ተቀመጠ፣ በቃ፣ አልተነሳም። ኬት ያወራችኝ ከኤርፖርት ነው። እኔ ቪዛ ጠይቄ እስኪመጣ ድረስ እሱ ተቀብሯል። ስልኩን ዘጋሁና ሥራ ገባሁ። አሁን በምሳ ሰዓት መኪናዬ ውስጥ ሆኜ ነው የምጽፍላችሁ።

ለማታውቁት ልንገራችሁ። ኖኤ በአገሩ የሚክስድ ማርሻል አርት ሻምፒዮን ነበር። ቦክሱም ትግሉም እርግጫውም አንድ ላይ ያለበት ውድድር ነው። ኬትን አግብቶ ሜልቦርን ሲመጣ ግን እዚህ ማን ያውቀዋል? ላቨርተን ኖርዝ፣ መጋዘን ውስጥ፣ ከኔ ጋር ኮንቴይነር ያራግፍ ነበር። ከሥራ ሲወጣ ያራቪል የሚባል ሰፈር ያለች አንዲት ጠባብ ጂም ውስጥ ያሠለጥናል፣ ራሱም ይሠራል። የሻምፒዮንነት ቀበቶው ያኔ ገና የሱ ነበር፣ ላለማስነጠቅ በዓመት አንዴ አገሩ ሄዶ ይወዳደራል።

እኔንም ጎትቶ ጂም አስገባኝ። ቦርጬን በጣቱ ነካ እያደረገ ይስቅብኝ ነበር። ከኔ የለቀማት አንዲት ቃል አለች፦ «ገና!» ሲደክመኝ «ገና!» ምንጣፉ ላይ ስዘረር «ገና ሰይድ፣ ገና ነው!» መጋዘን ውስጥም ኮንቴይነሩ ሊያልቅ ሲል እንዲሁ ይጮህና ቬትናሞቹም ሱዳኖቹም ተከትለውት «ገና!» ይላሉ። ትርጉሙን ግን አንዳቸውም አያውቁትም።

ከዚያ እናቴ ደሴ ላይ አረፈች።

መርዶውን የሰማሁ ቀን ኖኤ ቤቴ መጣ። ጫማውን በር ላይ አውልቆ፣ ያንን በትግል ብዛት የተጨማደደ ጆሮውን ይዞ፣ ፍራሹ ላይ ሽማግሌዎቹ መሃል ተቀመጠ። ሰው ሲነሳ ይነሳል፣ ዱዓ ሲደረግ አንገቱን ይደፋል።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ጋሼ ሙሄ፣ ወደኔ ጠጋ ብለው «ይሄ ሰውዬ ማነው?» አሉኝ።

«የሥራ ጓደኛዬ ነው ጋሼ። ከሜክሲኮ ነው።»

«እስላም ነው?»

«አይ፣ ካቶሊክ ነው።»

«ታዲያ ቤቱ አይሄድም እንዴ?»

አልሄደም። በማግስቱም መጣ። በሦስተኛውም ቀን። ወንበር ይሸከማል፣ ድስት ያጥባል። እትዬ ዘሀራ ደግሞ አዘኑለት፣ ጉንጩ ገባ ገባ ብሎ ሲያዩት። «ምነው ልጄ እንዲህ ከሳህ? ብላ እንጂ!» እያሉ ሰሃኑን ይሞሉለታል። እሱም ይበላል። ለውድድሩ ኪሎ እየቀነሰ እንደነበር ማን ነገራቸው? እሱ አልተናገረ። እኔም በዚያ ሰዓት ትዝ አላለኝም።

አንድ ጊዜ ብቻ ጠይቄዋለሁ። «በረራህ በዚህ ሳምንት አልነበረም እንዴ?»

«አስለውጬዋለሁ» አለኝ። «ብዙ ጊዜ አለኝ፣ አንተ አታስብ።»

አመንኩት። እውነቱን ልናገር? ማመን ፈልጌ ነው። እሱ አጠገቤ ሲቀመጥ ቀለል ይለኝ ነበር። ወንድምም እህትም የለኝ። ሂድ ካልኩት በማግስቱ ያ ቦታ ባዶ ይሆንብኛል ብዬ ፈራሁ።

ውድድሩን እሁድ ረፋድ ላይ ኬት ቤት ሆነን በኮምፒውተር አየነው። ምስሉ ይቆራረጣል። የመጀመሪያው ዙር ላይ ኖኤ እንደ ነብር ነበር። ሁለተኛው ላይ አፉን መክፈት ጀመረ። ሦስተኛው ላይ እጁን ማንሳት አቃተው። ያ ኮንቴይነር ብቻውን የሚያራግፍ ሰው፣ የሪንጉን ገመድ ተደግፎ አየር ሲፈልግ አየሁት። ኬት ተነስታ ወጥ ቤት ገባች፣ ቧንቧውንም ከፈተችው።

ቀበቶው ሄደ። ከዚያ በኋላ ጉልበቱም ተጎዳ፣ ሌላ ዕድልም አልሰጡት።

ነገሩን ያወቅሁት ከዓመት በኋላ ነው። እራት በልተን ኬት ሳታስበው አመለጣት። ሜክሲኮ ሲቲ እንደኛው አገር ደጋ ናት። ከባሕር ዳርቻ የሚሄድ ተወዳዳሪ ትንፋሹ አየሩን እስኪለምድ ቀድሞ መግባት አለበት። ኖኤም የዚያን ሳምንት መሄድ የነበረበት ለዚሁ ነው። ሳምንቱን እኛ ቤት ተቀምጦ ስላሳለፈው የደረሰው ውድድሩ ዋዜማ ላይ ሆነ፣ ያውም ኪሎ ለመጣል ውሃ እንኳ ሳይጠጣ።

አጠገቧ ወደተቀመጠው ኖኤ ዞርኩ። «ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት።

«ብነግርህ ምን ትለኝ ነበር?»

«ሂድ ነዋ!»

«አየህ» አለኝ። «ለዚያ ነው።» ከዚያ ትከሻዬን መታ አድርጎ «ሰይድ፣ ቀበቶ ለሱሪ ነው» ብሎ ሳቀ። ኬት ግን አልሳቀችም። እኔም እስከ ዛሬ መሳቅ አልቻልኩም።

ሰው «አንተ ምን አደረግክ? ራሱ ፈቅዶ ነው» ይለኛል። ልክ ነው። ግን እሱ ድስት ሲያጥብልኝ የነበረበትን ሰዓት ሳስበው፣ ትንፋሹን እኔ የወሰድኩበት ይመስለኛል። እሱ ለማያውቃት እናቴ ያን ሁሉ ሲተው፣ እኔ ሞቱን ሰምቼ አለቃዬን ለግማሽ ቀን እንኳ ፍቃድ አልጠየቅኩም። ዕቃ ማንሻዬን፣ ፎርክሊፍቴን፣ አስነሳሁ።

ኖኤ ወንድሜ፣ አባትህ ፊት ቆሜ ልጅዎ ምን ዓይነት ሰው እንደነበረ መንገር የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። አልደረስኩልህም። ሬሳህን ከሚሸከሙት መሃል የለሁበትም፣ አፈርም አላለብስህም። ይቅር በለኝ አልልህም፣ ጥፋትህ የቱ ነው ብለህ እንደምትከራከረኝ አውቃለሁና። ይሄን ጸጸት ለኔ ተውልኝ፣ እኔ እሸከመዋለሁ። አንተ ሳይከብድህ ሂድ።