የመምህር ማቴዎስ ናብላ

የኮሌጅ የሒሳብ መምህራችን ማቴዎስ ባለፈው ሐሙስ ረፋድ ላይ እዚሁ ሐዋሳ፣ በቤታቸው ዐርፈዋል። ከእርሳቸው ለተማርን፣ አብረዋቸው ለሠራችሁ፣ በመናኸሪያ ሰፈር በጉርብትና ለምታውቋቸው ሁሉ ይህን ጻፍሁ።

መምህር ማቴዎስ ትምህርታቸውን ሰሌዳ ላይ ብቻ የሚጨርሱ ሰው አልነበሩም። አንድ ቀን መላ ክፍላችንን ታቦር ተራራ ወሰዱን። ወገቡ ላይ ስንደርስ ቆም ብለው፣ «ከቆማችሁበት ዳገቱ እጅግ የሚበረታው በየት በኩል ነው?» ሲሉ ጠየቁን። በጣታችን አመለከትን። «ይህን አቅጣጫ የምታሳየን ምልክት ናብላ ትባላለች» አሉና፣ ጫፉ ወደ ታች የሆነ ሦስት ማዕዘን በእንጨት መሬት ላይ ሣሉ። ስሟ ከጥንታዊ ባለአውታር መሣሪያ፣ ከበገና ዘመድ፣ መወሰዱን ነገሩን። «ናብላ ዳገቱን ታሳያለች፤ መውጣቱ የእናንተ ነው።»

ከኋላ አንዱ ጓደኛችን፣ «ጋሼ፣ መውረጃውንስ?» አለ።

«እሱንማ አንተ ያለ ምልክትም ታገኘዋለህ!»

በሴሚስተሩ ማብቂያ የፈተና ወረቀት ስንቀበል ግን ናብላ የሚባል ነገር አልነበረበትም። ሦስት ማዕዘኖቹ ሁሉ ጫፋቸውን ወደ ላይ አድርገው ቆመዋል፤ ይህም በሒሳብ ሌላ ምልክት፣ ሌላ ትርጉም ነው። ፈተናው ተቋረጠ። ወረቀቱን በስቴንስል ጽፈው ያባዙት የትምህርት ክፍሉ ጸሐፊ ወይዘሮ አስቴር ወደ አዳራሹ በር ተጠሩ።

«ጋሼ በችኮላ የገለበጡት መስሎኝ አቃናሁላቸው» አሉ።

ወይዘሮ አስቴር በአነስተኛ ደመወዝ ልጆች የሚያሳድጉ የኮንትራት ሠራተኛ ነበሩ። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊም ኮንትራታቸው እንደማይታደስ እዚያው፣ በሁላችን ፊት ነገሯቸው።

መምህር ማቴዎስ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ፣ «ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉ። «ቅርጹን ሰጠኋቸው እንጂ ስሙን አልነገርኋቸውም። ስም የሌለው ነገር መገልበጡን ማን ያውቃል? የሚቀጣ ካለ እኔ ልቀጣ።»

ኃላፊው ውሳኔያቸውን ሻሩ። ወይዘሮ አስቴር በሥራቸው ቆዩ። መምህራችን አዲስ ፈተና ከማዘጋጀታቸው በፊት ከጸሐፊዋ ጠረጴዛ አጠገብ ወንበር ስበው ተቀመጡና የየምልክቱን ስም ከነታሪኩ አስረዷቸው። ከዚያ ወዲህ በኮሪደሩ ሲተላለፉ ወይዘሮ አስቴር፣ «ጋሼ፣ በገናዎ እንዴት ዋለ?» ይሏቸዋል፤ እርሳቸውም፣ «ይቃኙት እንጂ አያቃኑት!» ብለው ያስቋቸው ነበር።

ባረፉበት ዕለት ከሰዓት በኋላ የሕይወት ታሪካቸውን ልናሳትም ፒያሳ ወደሚገኝ ማተሚያ ቤት ሄድን። ከስማቸው ሥር አንዲት ናብላ እንድትታተም ፈልገን ነበር። ሠራተኛው ኮምፒውተሩን ትኩር ብሎ አየና፣ «ይሄ ሦስት ማዕዘን ተገልብጧል፤ ላስተካክለው?» አለ።

አሁን ጡረታ የወጡት ወይዘሮ አስቴር ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከጎኔ ቆመዋል። ከእኔ ቀድመው መለሱለት።

«ተወው፣ ልጄ። አልተገለበጠም። ስሙ ናብላ ነው።» ቀጥለውም፣ «የጋሼ በገና ነው» አሉ።

መምህር ሆይ፣ ናብላዎ እንዳለች ታትማለች፤ ማንም አላቃናት። ስሙን ነግረውናል፣ ዳገቱንም አሳይተውናል። እርስዎ አሁን ይረፉ፤ መውጣቱ የእኛ ነው።